ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

እሜቴ የደብረ ብርሃንን የመጨረሻ የመንገድ መብራት አልፋ ወደ አንኮበር ስትታጠፍ፣ አስር አለቃ ይስማው ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ ለቀቀው። ያዘ። «ተመስገን» አለ በሆዱ። ቁልቁለቱ ግን ገና ነበር።

እሜቴ የእሳት አደጋ ጣቢያው አሮጌ የውሃ ቦቴ ናት። አዲሷ መኪና ስትመጣ እሷ ጥግ ይዛ ቀረች። እንደ ድሮ እመቤት ስለምትከበርም ስለምትታማም ስሙ ወጣላት። ማርሽ ሲቀየርባት ታቃስታለች። የኅዳር ውርጭ ሲወርድባት ካልተለመነች አትነሳም። ዛሬ ግን ቁልፉ ገና ሲዞር ተነሳች። ይስማውም ይህን እንደ መልካም ምልክት ያዘው፤ ሌላ የሚይዘው ምልክት አልነበረውምና።

ጋቢናው ውስጥ ሦስት ነበሩ። መሪው ላይ ይስማው፤ በወዲያኛው በር በኩል ነጭ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ባየው፤ በመሃላቸው ደግሞ ሊለቀስለት ሰው የተሰበሰበለት ገብረጻድቅ። የገብረጻድቅ ሁለት እጆች በፋሻ ተጠቅልለው ጭኑ ላይ ተቀምጠዋል። ቅንድቡን እሳት በልቶታል። በሆስፒታሉ ፒጃማ ላይ የይስማውን የድሮ የወታደር ካፖርት ደርቧል። ጭሱ ጉሮሮውን ስለዘጋው መናገር አይችልም፤ ሲሞክር የሚወጣው ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ያለ ሲጥታ ነው።

«ጋሼ ይስማው፣ ትንሽ ፈጠን አትልም?» አለ ባየው።

«ከዚህ በላይ ከፈጠንኩ እሜቴ ጎማዋን ትጥላለች። ያኔ መርዶው እውነት ይሆናል፤ እሱም የሦስት ሰው።»

የገብረጻድቅ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሊስቅ ነበር፤ ሳሉ ቀደመው።

«አንተ ዝም በል» አለው ይስማው። «ሙት አይስቅም።»

ነገሩ የተበላሸው ባንድ ካፖርት ነው።

ትናንት ቀትር ላይ ከጣርማ በር ዋሻ በታች የአንድ ነዳጅ ጫኝ መኪና ፍሬን እምቢ አለ። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ የደብረ ሲና ቆሎና በሶ ሻጮች እንደ ወትሮው መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ሹፌሩ መኪናውን ከተራራው ጋር ሊያላትመው ሲታገል፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ዘለለ፤ ታኮውን ይዞ። ረዳት ሁሉ መኪና በቆመ ቁጥር ከጎማ ሥር የሚወትፈው የእንጨት ጉማጅ ነው፤ የሚሮጥ መኪና ሥር ግን ማንም አይወትፈውም። እሱ ወተፈው። መኪናው ተንገዳግዶ ሴቶቹ ጋ ሳይደርስ በጎኑ ተኛ፤ ሹፌሩ ራሱን ስቶ ተወሰደ፤ የረዳቱ እግር ግን ከሥር ቀረ።

እነይስማው ከደብረ ብርሃን ሲደርሱ ነዳጁ በቦዩ ይወርድ ነበር። አፈር እያለበሱት፣ ውሃ እየረጩት፣ ሰውየውን ለማውጣት መኪናውን ቀና ሊያደርጉ ሲሞክሩ ከሞተሩ በኩል ቦግ አለ። ይስማው ፓምፑ ላይ ነበር። ገብረጻድቅ ሲገባ አላዘዘውም፤ አልከለከለውምም፤ ውሃውን ብቻ ከጀርባው እያስከተለ ሰደደለት። ልጁ ረዳቱን እየጎተተ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ረዳቱ ግን ፊቱ ተቃጥሎ ነበርና መንገዱ ዳር ለገብረጻድቅ ጥቂት ቃል ተንፍሶ ሞተ። የሞተ ሰው እንዲያ ሆኖ ለገበያተኛ ዓይን አይተውም፤ ገብረጻድቅ የራሱን ካፖርት አውልቆ ከራስ እስከ ጉልበት አለበሰው። ከዚያ ያለ ካፖርት ወደ እሳቱ ተመለሰ። እጁንና ጉሮሮውን የሰጠው ያኔ ነው። ይስማው ልጁን ራሱን ስቶ ሲያገኘው ባገኘው ፒክአፕ ላይ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ላከው፤ እሳቱንም አጥፍቶ ሲመሽ ተመለሰ።

ካፖርቱ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም «ገብረጻድቅ» ተብሎ ተጽፏል። ሬሳውን ለማንሳት ከመጡት መሃል አንድ የአንኮበር ሰው ይህን አነበበ። አንብቦም ለገብረጻድቅ ዘመዶች ደወለ።

ይስማው ስለዚህ ስልክ አያውቅም ነበር። ሌሊቱን ጣቢያው ውስጥ ከነልብሱ ተኝቶ ሳለ ዶሮ ሲጮህ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ባየው፣ የገብረጻድቅ ያጎት ልጅ፣ በጋቢ ተከናንቦ ቆሟል።

«ተነስ ጋሼ። ሌሎቹ ማታውኑ ሄደዋል። አንተን ይዤ እንድመጣ ነው የታዘዝኩት።»

«ወዴት?»

«እንዴ፤ አንኮበር ነዋ። የገብሬን መርዶ ልናረዳ።»

ይስማው ማታ ሆስፒታል ደህና ትቶት ነበር። ሌሊት አልፎ ይሆናል አለ፤ ሌላ ምን ይላል። ጫማውን ሳያስር ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ፤ ያቺ በጦር ሜዳ የተመታች እግሩ እየጎተተች፣ ባየውም ከኋላው እያለቀሰ። ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ሙቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሲስተር ፀደንያ በማንኪያ አጥሚት እያጠጣችው ነበር።

ባየው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፀደንያ ማንኪያውን እንደያዘች፣ «ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

ከዚህ ወዲያ ነው የስልኩ ነገር የመጣው። ይስማው ደወለ። ባየው ደወለ። የገብረጻድቅ አጎት ጋሼ ወልደተንሣኤ ስልክ ዝግ፤ የነፍስ አባቱ ዝግ፤ የእናቱ ጎረቤት የአስካለ ዝግ።

«ጋሼ ወልደተንሣኤ ነው ያስዘጋው» አለ ባየው ራሱን ይዞ። «መርዶ እስኪነገር ማንም ስልኩን እንዳይከፍት ብሎ። የወንድሙ የልዑል ሞት ጊዜ አንዷ ዘመድ ካዲስ አበባ ለእናቱ ደውላ ልታለቅስባት ነበር እኮ። የእሷንም ስልክ አስካለ ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወስዳዋለች።»

«ሊያረዷት የሚገቡት መቼ ነው?»

«ጎህ ሲቀድ ነዋ። ሌላ መቼ ነው?» ባየው ቆመ። «እኔ በሞተር ብፈተለክስ? ደርሼ ቆስሏል እንጂ ደህና ነው ብላትስ?»

ይስማው አየው። «መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው?»

በዚያ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ አሞታል ይላል። ቆስሏል፣ ሆስፒታል ነው፣ ይሻለዋል ይላል። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለገብረጻድቅ እናት ለእናናየሁ ያን ማለዳ እውነቱን መናገር ማለት ያንኑ የለመደችውን ውሸት መናገር ነው። ጋቢ ለብሶ በማለዳ ደጇ የቆመ ሰው ልጅሽ ደህና ነው ቢላት አታምነውም፤ ገና ሳይጨርስ ልቧ ቀድሞ ይሰማል። ልቧ ደግሞ ከልዑል ወዲህ በመድኃኒት ነው ያለው።

«ራሱን ነው የማሳያት» አለ ይስማው።

ፀደንያ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ይህ ሰው ከአልጋ አይወርድም።»

«ሲስተር፣ ካልወረደ እናቱን ነው የምታስተኚው። እሷ ደግሞ በአጥሚት አትድንም።»

ገብረጻድቅ ያን ጊዜ እግሩን ከአልጋው አውርዶ ነበር። ፀደንያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አየች፤ አዲስ ፋሻም ጠቀለለችለት። «ከምሳ በፊት ካልመለስከው» አለችው ይስማውን፣ «መጥቼ እወስደዋለሁ። አንተንም ያቺን እግርህን ይዤ ጎኑ ነው የማስተኛህ።»

የጣቢያዋ ኃላፊ ብርቱካን ከትናንቱ እሳት በኋላ ቤቷ አልሄደችም፤ ቢሮዋ ወንበር ላይ ነበር ያሸለበችው። ቆማ ሰማችው። አዲሷ መኪና ያለ እሳት ከከተማው አትወጣም፤ ይህን እሷም አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቀም። ለአንድ ሰው ጉዳይ የመንግሥት መኪና ማውጣትም ክልክል ነው። ብርቱካን በመስኮት እሜቴን አየቻት።

«የእሜቴን ፍሬን ሸራ ቀይረናል አይደል?»

«ከትናንት በስቲያ።»

«ሜዳ ላይ የተሞከረ ፍሬን አይታመንም። ቁልቁለት ላይ መሞከር አለበት።» አዛጋች። «አንኮበር ቁልቁለት አለው ይባላል።»

«አለው።»

«ሳይረኑን እንዳትነካ። ሳይረን ለእሳት ነው። ገና ከትናንቱ ድንጋጤ ያልወጣ ሕዝብ ነው ያለው።»

«ገብቶኛል» አለ ይስማው። ትእዛዝ ሲቀበል ዛሬም ተረከዙን ያጋጥማል።

አሁን መንገዱ በገብስ ነዶ መሃል ይሮጥ ነበር። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጥቷል። ከፊት አህዮች የጫኑ ገበያተኞች ወጡበት፤ ይስማው ጡሩምባ ሳይነፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አሳልፉን እናንተ ሰዎች፣ በእናታችሁ» እያለ አለፈ። ባየው በየጊዜው ሰማዩን ያያል። በምሥራቅ በኩል ጠርዙ መቅላት ጀምሯል።

ይስማው ሰማዩን አላየም። የሚያየው ያን ሌላውን ማለዳ ነበር።

ልዑል የገብረጻድቅ ታላቅ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ከይስማው ጋር ባንድ ጓድ ነበሩ። ይስማው እግሩን ተመትቶ ሲወጣ ልዑል አልወጣም። የሞተን ሰው ዜና አብሮት የነበረ ነው የሚናገረው፤ የወታደርም የባላገርም ሕግ ይህ ነው። ስለዚህ ክራንቹን ይዞ ከሽማግሎቹ ጋር ሄደ፤ ጎህ ሲቀድ ደጇ ቆመ፤ ቃሉንም የተናገረው እሱ ነበር። ሴቶቹ ከኋላ መጥተው ሐዘን አንጀት ይቆርጣል ብለው ወገቧን በመቀነት ጠፍረው ያዟት። እናናየሁ ግን ቶሎ አላለቀሰችም። እሱን ብቻ ነው ያየችው።

«ይስማው» አለችው፤ «ከእንግዲህ በዚህ ሰዓት ደጄን እንዳትረግጥ።»

«አልረግጥም እትዬ» አለ። ማለላትም።

ከዚያ ወዲህ ሊጠይቃት ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ገና ከመታጠፊያው «እትዬ፣ ቤት አላችሁ ወይ? ቡና ያላችሁ» እያለ እየጮኸ፣ ድምፁ ከእሱ እንዲቀድም። ትንሹን ልጇንም ወታደር እሆናለሁ ሲል ይዞ እሳት አደጋ ያስቀጠረው እሱ ነው። ውሃ ይዞ የሚሄድ ሰው ምን ይሆናል ብሎ።

ገብረጻድቅ በክርኑ ጎሸም አደረገው። በአገጩ ወደ ፊት አመለከተ፤ ጎረቤላ፣ የአንኮበር ከተማ።

ከተማውን ዞረው ወደ ጫፉ ሲወጡ ሰማዩ ነጣ። ከሥራቸው ቆላው አይታይም፤ ጉሙ እንደ ተነደፈ የበግ ጠጉር ገደሉን ሞልቶታል። ከመንገዱ በታች፣ በጠባቧ የእግር መንገድ መጨረሻ፣ የእናናየሁ ቤት ቆርቆሮ ጠል ለብሶ ያበራል። በዚያች መንገድ በቅሎ እንጂ መኪና አይወርድም።

ይስማው እሜቴን አቆመ።

ዘግይተዋል። ከአስካለ ግቢ ነጫጭ ጋቢዎች በመስመር ወጥተው ወደ እናናየሁ ደጅ እየሄዱ ነበር፤ አንድም ሰው አይናገርም፣ አንድም ሰው አያስልም። ፊት ፊት ወልደተንሣኤ ከነከዘራው፤ ቀጥሎ የነፍስ አባት ከነመስቀላቸው፤ ከኋላ ሴቶቹ። ቤቱ ደጃፍ ላይ ደግሞ እናናየሁ ራሷ ቆማለች። ማንም ሳያንኳኳባት ወጥታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

ባየው በሩን ከፍቶ ዘለለና ቁልቁል ሮጠ። ጋቢው ከኋላው ተንበለበለ።

«ጋቢውን ጣለው!» ብሎ ጮኸ ይስማው። «አንተ፣ ጋቢውን!»

አልሰማውም። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ በማለዳ በጋቢ እየሮጠ የሚመጣ ወጣት አንድ ተጨማሪ ለቀስተኛ ነው፤ ያውም የባሰበት። እናናየሁ አየችው። እጇ ወደ ደረቷ ሄደ።

ይስማው ለመውረድ በሩን ያዘ። በዚያች እግሩ እስኪደርስ ወልደተንሣኤ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጨርሳል። ደግሞም ምሏል።

ያን ጊዜ ገብረጻድቅ ጎንበስ አለና በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን ወደ ሳይረኑ ቁልፍ ዘረጋ። ጣት የለውም፤ በክርኑ ነው የሞከረው። አልሠራም፤ ከዋናው የኤሌክትሪክ ማሰራጫ ተዘግቷል። ቀና ብሎ ይስማውን አየ።

ይስማው የሚፈልገው ምን እንደሆነ ገባው። ባለፈው ክረምት ጎረቤላ ገበያ ውስጥ አንድ መጋዘን ተቃጥሎ መጥተው ነበር። ሲመለሱ፣ ይኸው እዚሁ መታጠፊያ ላይ፣ ልጁ ሳይረኑን ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም አድርጎ ነፋው። እናቱ ከታች ብቅ ብላ ነጠላዋን አውለበለበች። ይስማው ያን ቀን እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ነው የተቆጣው። «ሳይረን የእናት መጥሪያ አይደለም። አንድ ቀን እውነተኛ እሳት ሲመጣ ማን ይሰማሃል?» ብሎት ነበር። እናናየሁ ግን በየገበያው ስታወራው ከረመች፤ ልጄ በመንግሥት ጡሩምባ ነው ሰላም የሚለኝ እያለች። እንዲያ የሚነፋ ሌላ ሰው የለም።

«ሳይረኑን እንዳትነካ» ብላዋለች ብርቱካን። አስር አለቃ ይስማው በሕይወቱ የሻረው ትእዛዝ አልነበረም። እጁን ዘርግቶ ማሰራጫውን ከፈተ።

ገብረጻድቅ በክርኑ ተጫነው።

ሁለት አጭር። አንድ ረጅም።

ድምፁ ገደሉን መትቶ ከጉሙ ውስጥ ተመለሰ። ከታች መስመሩ ቆመ። ከሴቶቹ አንዷ አፏ ላይ ያዘጋጀችው ለቅሶ ሳይታሰብ አመለጣትና «ወይ…» ብላ መሃሉ ላይ ዋጠችው። ወልደተንሣኤ ከዘራውን እንዳነሳ ቀረ። እናናየሁ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ዝም በሉ እንደሚል ሰው።

ሁለት አጭር። አንድ ረጅም።

ክርኑ ሲያመው ይስማው አየ፤ ልጁ ግን ሦስተኛ ጊዜ ተጫነው። እናናየሁ ከደጃፏ ወረደች። በሽማግሎቹ መሃል አለፈች፤ ማንንም አላየች። ባየው መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሊላት ሲሞክር በመዳፏ ወዲያ ገፋችው። ዳገቱን ስትወጣ አልሮጠችም። ጥጃዋ የጮኸችባት ላም እንደምትሄድ፣ አንገቷን ወደ ፊት አድርጋ ነው የወጣችው።

ይስማው ልጁን ደግፎ አወረደው።

እናናየሁ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ቅንድብ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ፀጉሩን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን ዳሰሰች፤ እግሩንም ጎንበስ ብላ አየች፤ በግ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ ግንባሯን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ሊያናግራት ሲሞክር ያው ሲጥታ ወጣ።

«ዝም በል» አለችው ቀና ሳትል። «ሰማሁህ። ጠቅላላ ምንጃር ሳይሰማህ አልቀረም።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ደርሶ ነበር። ያለቅሱ የነበሩት ይስቁ፣ የሚስቁት ያለቅሱ ጀመር። አንዷ እልል አለች፤ ቀጥላም ሳግ ያዛት። የነፍስ አባት መስቀላቸውን ለማን እንደሚያሳልሙ ጠፍቷቸው ለእሜቴ አፍንጫ ጭምር አሳለሙ ብለው በኋላ ሰዎች አምተዋቸዋል። ወልደተንሣኤ ብቻ ራቅ ብሎ ከዘራውን መሬት ላይ ይቆረቁራል።

«አንተ ወልደተንሣኤ» አለችው እናናየሁ፤ «ልጄን ቁሞ እየሄደ ቀበርክልኝ።»

«እኅቴ፣ ካፖርቱ ላይ ስሙ ተጽፎ…»

«ካፖርት ነው የወለድኩት?»

«በሐሰት መርዶው የተነገረ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

«እንግዲያ ነገ ያንተን መርዶ አስነግርልሃለሁ።»

ሳቁ ዳገቱን ሞላው። አስካለ ቀርባ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል እናናየሁ በክንዷ ያዘቻት።

«ማታ ነው ያወቅሁት» አለች፤ ለሁሉም ነበር የምትናገረው። «አስካለ ሽሮ ይዛ መጥታ ካልበላሽ አልሄድም አለችኝ። ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ አለችኝ። የልዑል ጊዜም ልክ እንዲሁ ነው ያደረገችው፤ ሽሮውም ያው ጨው የበዛበት ነው። ስትወጣ በሩን ቆለፍኩና የበግ ጠጉር ስፈትል አደርኩ። እጄ ሥራ ካልያዘ ፊቴን ይነጨዋል ብዬ። መቀነቴንም ሰው እስኪያስርልኝ አልጠበቅሁም።» ወገቧን አሳየች፤ መቀነቱ ትንፋሽ እንደሚያሳጣ ሆኖ ተጠፍሯል።

ከዚያ ዞራ ይስማውን አየችው። እሱ መሪው አጠገብ እንደቆመ ነበር።

«ደጄን አልረገጥክም» አለችው።

«አልረገጥኩም እትዬ።»

ሌላ ነገር ልትል ስትል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ብርቱካን ነበረች።

«ፍሬኑ እንዴት ነው?»

«ይዟል።»

«ጥሩ። ከጎረቤላ ደውለው የት ነው የተቃጠለው እያሉኝ ነው። ሳይረኑን ማን ሞከረው?»

«እሱም ይሠራል» አለ ይስማው።

«ደረሳችሁ ማለት ነው?» አለች፤ ድምጿ ወረድ ብሎ።

«ደርሰናል።»

ስልኩን ሳይዘጋው እናናየሁ ልጇን ትጠይቅ ነበር። «ካፖርትህ ውስጥ ማን ነበር?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ገብረጻድቅ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ ተነፈሰ፤ ቃሉን እየቆራረጠ። እሷም ቃል በቃል እየደገመች ለሰው ታሰማ ነበር።

«ረዳቱ… አወል። ያሊዩ አምባ ልጅ። እናቱ…» ቆመች። «ዘሃራ? የበርበሬዋ ዘሃራ?»

ገብረጻድቅ ራሱን ነቀነቀ።

ዘሃራን አሊዩ አምባ ገበያ የወረደ ሁሉ ያውቃታል። እናናየሁ ጠጉር ፈትላ ያሠራችውን ባና ብርድ ልብስ ይዛ ስትወርድ የምትቀመጠው እሷ ጎን ነው። ባለፈው ገበያ ልጄ መኪና ላይ ወጣ፣ ከእንግዲህ በርበሬዬን በነጻ ነው የማስጭነው እያለች ስታስቃት ነበር።

«ለእሷስ ማን ነገራት?» አለች እናናየሁ።

ማንም አልነገራትም። ልጇ ደብረ ሲና በሌላ ሰው ስም ነው ያደረው። ሰው ሁሉ ይህን ባንድ ጊዜ ተረዳ፤ ዓይኑንም መሬት ላይ ጣለ። አሁን የደስታቸውን ዋጋ ማን እንደከፈለው አወቁ።

«እነሱ ጀናዛ አያሳድሩም» አለ ወልደተንሣኤ። «ዛሬውኑ ነው መቅበር ያለባቸው።»

«እንግዲያ ምን ቆመን እናያለን? ተሰብስበናል፣ ለብሰናል። እንወርዳለን።» ልጇን ወደ መኪናው ገፋችው። «አንተ ወደ ሆስፒታልህ።»

ገብረጻድቅ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«ተው፣ ልጄ። ድምፅ የለህም።»

«እትዬ» አለ ይስማው። ሁሉም ዞሩ። «አብሮት የነበረ ነው የሚናገረው። ሲሞት ያለውን የሰማው እሱ ብቻ ነው። እዚህ ከቀረ ያ ቃል አይደርሳትም።» የተመታች እግሩን በእጁ ዳሰሰ። «ያኔ እኔም ለዚያ ነበር የመጣሁት።»

እናናየሁ ብዙ አየችው። ያን ማለዳ በክራንች ደጇ የቆመውን ሰው ዛሬ ገና እንዳየችው ዓይነት ነበር አስተያየቷ።

«ምን አለ ልጁ?» ብላ ጠየቀች ገብረጻድቅን።

ገብረጻድቅ በሹክሹክታ ነገራት። እሷም ለራሷ ያህል ደገመችው፦ «ቆሎ ሻጮቹ ተረፉ ወይ፣ ነው ያለው። አዎ ብሎታል።»

ይስማው ስልኩን ጆሮው ላይ መለሰ። ብርቱካን አልዘጋችም ነበር። «ቁልቁለቱ ገና አላለቀም» አላት። «አሊዩ አምባ ድረስ አለ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ጨርሰው። ከደብረ ሲና ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ ልጁ በስሙ ይመጣል። ለሲስተሯም እኔ እነግራታለሁ።»

ሽማግሎቹ ማታ በመጡበት ሚኒባስ ተሳፈሩ። እናናየሁና ገብረጻድቅ እሜቴ ላይ ወጡ። ባየው ቦታ ስላጣ ከኋላ መሰላሉ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጋቢውን አሁንም አልጣለም። ይስማው ከመነሳቱ በፊት እጁን ዘርግቶ የሳይረኑን ማሰራጫ ዘጋ። ገብረጻድቅም ክርኑን ከቁልፉ አራቀ።

መንገዱ ወደ ጉሙ ውስጥ ወረደ። ብርዱ ቀለለ፤ የጥዱ ሽታ በቁጥቋጦ ሽታ ተተካ። ፍሬኑ በየመታጠፊያው ያዘ። እናናየሁ በልጇ ትከሻ ላይ ተደግፋ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ወገቧ ላይ የተጠፈረውን መቀነት ፈታች፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልሳበችውን ረጅም ትንፋሽ ሳበች። መቀነቱን ዘርግታ፣ በጥንቃቄ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ለእሷ ይሆናታል» አለች። ከዚያም መንገዱን እያየች፣ «ይስማው፣ ከመንደሩ በፊት አቁምልኝ። በእግራችን ነው የምንገባው።»

«እሺ እትዬ። እኔ መኪናው ጋ እጠብቃለሁ።»

«አትጠብቅም» አለችው። «አንተም ከእኛ ጋር ትገባለህ።»

ከሥራቸው ጉሙ ተከፈተና የአሊዩ አምባ ጣሪያዎች ታዩ። ይስማው ፍሬኑን ረገጥ አደረገ። እሜቴ አቃሰተች፤ ቆመችም።